ማሳለጫ ሲገነባ በየጊዜው በሚቀያየር መንገድ ላይ ማሽከርከር፦ ደረጃ በደረጃ

በየማለዳው የምመላለስበት የአውራ ጎዳና ማሳለጫ እየተገነባ ሳለ አንድ ሰኞ ጠዋት የሆነው ነገር እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። የምወጣበት መውጫ እሑድ ሌሊት ከቀድሞ ቦታው 400 ሜትር ያህል ወዲህ ተዛውሮ ነበር። ምልክቱ ተተክሏል፤ ቀስቱም ጎልቶ ይታያል። እኔ ግን አላስተዋልኩትም። ዓይኔ ክፍት ቢሆንም መኪናውን የሚነዳው ልማዴ ነበር። የለመድኩት ቦታ ስደርስ እጄ መሪውን ወደ ቀኝ ማዞር ጀመረ፤ መውጫው በነበረበት ቦታ ላይ ብርቱካናማ በርሜሎች ተደርድረዋል። ፍሬን ረገጥኩ። በስፖኪዮው ውስጥ የአንድ የጭነት መኪና ግንባር እየሰፋ፣ እየሰፋ መጥቶ መስታወቱን ሞላው። ሾፌሩ ርቀቱን ጠብቆ ይነዳ ስለነበር ሁለታችንም ተረፍን።

ከዚያ ጠዋት ጀምሮ አጥብቄ የምይዘው አንድ እምነት አለኝ። ግንባታ ላይ ወዳለ ማሳለጫ የሚገባ እንግዳ አሽከርካሪ መንገዱን ስለማያውቅ ይጠነቀቃል። ይበልጥ የሚያሰጋው መንገዱን በቃሉ የያዘው ነው። ይህን መመሪያ በዋናነት የጻፍኩት በዚያው መንገድ በየዕለቱ ለሚመላለሱ ሰዎች ነው።

መጀመሪያ፦ መንገዱ ለምን እንደሚቀያየር ይረዱ

ማሳለጫ ባዶ ሜዳ ላይ የሚሠራው አልፎ አልፎ ነው። ብዙውን ጊዜ ግንባታው የሚካሄደው በየቀኑ እልፍ ተሽከርካሪ በሚያልፍበት መገናኛ ላይ ስለሆነ፣ መንገዱን ሙሉ በሙሉ ዘግቶ መሥራት አይቻልም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ሥራውን በምዕራፍ ይከፍሉታል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ተሽከርካሪዎቹ በአሮጌው መንገድ እያለፉ ከጎኑ የአዲሱ ድልድይ ግማሽ ይሠራል። ከዚያ ትራፊኩ በአንድ ሌሊት ወደ አዲሱ ግማሽ ይዛወራል፤ አሮጌው ይፈርሳል፤ በእርሱ ቦታ ሁለተኛው ግማሽ ይነሣል። መውጫዎቹና መግቢያዎቹም እንዲሁ ተራ በተራ ይዘጋሉ፣ ይዛወራሉ፣ ይከፈታሉ። ትልቅ ማሳለጫ ከሆነ ይህ ሽግሽግ ለዓመታት ሊደጋገም ይችላል። በዳላስ ከተማ የሚገኘው ባለ አምስት ደረጃው ማሳለጫ እ.ኤ.አ. በ2002 ተጀምሮ የተጠናቀቀው በ2005 ነው፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ መኪኖች ከሥሩና ከጎኑ ይተላለፉ ነበር።

ከዚህ አሠራር አንድ ጠቃሚ ነገር ይገኛል። ትልልቆቹ ለውጦች የሚደረጉት አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ወይም በሳምንቱ መጨረሻ ነው። ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ ነቅተው መንዳት ያለብዎት ሰኞ ጠዋት ነው።

ብዙ ሰው የሚቆጣበትን አንድ ጉዳይ እዚሁ ላንሣ። ረድፉ ተዘግቶ፣ ኮኖች ተደርድረው፣ አንድም ሠራተኛ ሳይታይ ቀናት ያልፋሉ። ሥራው የቆመ ይመስላል። ነገር ግን የኮንክሪት ጥንካሬ በተለምዶ የሚለካው ከፈሰሰ በኋላ በ28ኛው ቀን ነው፤ በቂ ጥንካሬ እስኪያገኝ ድረስ ከባድ ጭነት አይወጣበትም። ወደ ድልድዩ የሚያደርሰው የአፈር ሙሌትም እስኪረጋ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሳይረጋ አስፋልት ቢነጠፍበት መንገዱ ከድልድዩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይሰምጣል። አንዳንዴ ደግሞ ረድፉ የተዘጋው ከጀርባው የጠለቀ ጉድጓድ ስላለ ብቻ ነው። ሰው የማይታይበት ቀጠና አደጋ የሌለበት ቀጠና አይደለም፤ በዚያ ፍጥነት መጨመር ትልቅ ስሕተት ነው።

አንድ፦ ከቤት ሳይወጡ ማስታወቂያውን በትክክል ያንብቡ

የመዘጋት ማስታወቂያ በችኮላ ሲነበብ ያሳስታል። አራት ነገሮችን ለይተው ያውጡ። የተዘጋው ዋናው መንገድ ነው ወይስ መውጫው ወይም መግቢያው? በየትኛው አቅጣጫ? ሁሉም ረድፎች ናቸው ወይስ ከፊሉ? ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት? የመጨረሻው ብዙዎችን ያሳስታል። «ዓርብ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት» ሲባል መንገዱ የሚከፈተው ቅዳሜ ንጋት ላይ ነው። ለቅዳሜ አጥቢያ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄድ ሰው «የተዘጋው ዓርብ ነው» ብሎ ቢነሣ የተዘጋ መንገድ ይጠብቀዋል።

የድልድዩ ተሸካሚ አግዳሚ (ቢም) የሚሰቀልበት ወይም አሮጌ ድልድይ የሚፈርስበት ሌሊት ከሆነ ከሥሩ ማለፍ ፈጽሞ አይቻልም፤ መንገዱ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። በእንደዚህ ያለ ጊዜ ከሁሉ የተሻለው ምክር ጉዞውን መተው ወይም ቀኑን መቀየር ነው። ይህ የሚሠራ ምክር መሆኑን የሎስ አንጀለስ ነዋሪዎች አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2011 በ405 አውራ ጎዳና ላይ የሚያልፈውን የመልሆላንድ ድልድይ ግማሽ ለማፍረስ መንገዱ ለ53 ሰዓታት እንዲዘጋ ታቅዶ ነበር። ከተማዋ በመኪና ትታነቃለች ተብሎ ተፈራ፤ ለሳምንታትም ሕዝቡ እንዲዘጋጅ ተነገረ። ቀኑ ሲደርስ ሰው ቤቱ ዋለ፤ የከተማዋ መንገዶች ከተለመደው ቅዳሜና እሑድ ይልቅ ጭር አሉ፤ ሥራውም ከታሰበው ጊዜ ቀድሞ አለቀ።

ሁለት፦ ተለዋጩን መንገድ በጸጥታ ሰዓት አንድ ጊዜ ይንዱት

የስልክ ካርታ ጥሩ ረዳት ነው፤ ነገር ግን ትናንት ሌሊት የተዛወረን ጊዜያዊ መውጫ ላያውቅ ይችላል። ካርታው «ቀኝ ይታጠፉ» ሲል ምልክቱ «ቀጥታ ይሂዱ» ካለ፣ ምልክቱን ይከተሉ። በተለዋጩ መንገድ ላይ የት መታጠፍ እንዳለብዎት፣ የትኛው መገናኛ እንደሚጨናነቅ አስቀድሞ ነድቶ መፈተሽ በዕለቱ ከሚመጣ ድንጋጤ ያድናል። የጭነት መኪና ወይም አውቶቡስ የሚነዱ ከሆነ በተለዋጩ መንገድ ላይ ያሉ ድልድዮችን የክብደትና የከፍታ ገደብ ያጣሩ። በዋናው መንገድ ላይም ቢሆን፣ በግንባታ ላይ ያለውን ድልድይ የሚደግፈው ጊዜያዊ ድጋፍ ከሥሩ ያለውን ከፍታ ይቀንሰዋል። ባለፈው ወር ያለ ችግር ያለፈ ጭነት ዛሬ ሊነካ ይችላል።

መውጫዎን ቢያልፉት ምን እንደሚያደርጉም ከቤት ሳይወጡ ይወስኑ፤ ወደ ቀጣዩ መውጫ ሄደው ይመለሳሉ። ውሳኔው አስቀድሞ ከተወሰነ በዚያች ቅጽበት መሪ መጠምዘዝ፣ መቆም ወይም ወደ ኋላ መንዳት ወደ ሐሳብዎ አይመጣም።

ሦስት፦ ከመጀመሪያው ምልክት ጀምሮ ፍጥነት ይቀንሱ

በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 28 ሜትር ይሄዳል። የመንገድ ነዳፊዎች አንድ አሽከርካሪ አደጋ አይቶ እስኪቆም ድረስ የሚያስፈልገውን ርቀት ሲያሰሉ፣ በዚህ ፍጥነት 185 ሜትር ይይዛሉ፤ በ60 ኪሎ ሜትር ግን 85 ሜትር ይበቃል። ልዩነቱ 100 ሜትር ነው። በግንባታ ቀጠና ውስጥ ያ 100 ሜትር የቆመ የመኪና ሰልፍ ጭራ የሚገኝበት ቦታ ነው።

«እዘገያለሁ» ለሚል ሰው ስሌቱን ላቅርብ። ሦስት ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለውን ቀጠና በ60 ሲያልፉት 3 ደቂቃ ይፈጃል። በ100 ቢያልፉት 1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ። የሚያተርፉት 72 ሰከንድ ነው፤ እርሱንም ቀጣዩ የትራፊክ መብራት ይወስደዋል።

በግንባታ ቀጠናዎች ውስጥ በብዛት የሚደርሰው አደጋ ከኋላ መግጨት ነው። ስለዚህ ወደ ሰልፉ ጭራ ሲቃረቡ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ላይ ቀደም ብለው ያንሡ፤ ፍሬኑን በቀስታ እየነኩ ለኋለኛው በመብራትዎ ይንገሩት፤ አራቱንም ፍሬቻ ያብሩ። ሲቆሙ ከፊትዎ ካለው መኪና ጋር አይጣበቁ። የፊተኛው መኪና የኋላ ጎማዎች መሬት ሲነኩ የሚታዩበትን ያህል ርቀት ይተዉ። ከዚያ ዓይንዎ በስፖኪዮው ላይ ይሁን፤ ከኋላዎ ሌላ መኪና መጥቶ እስኪቆም ድረስ የሰልፉ ጭራ እርስዎ ነዎት። የሚመጣው መኪና የማይቆም መስሎ ከታየዎት ያ የተዉት ክፍተት መሸሻዎ ነው።

አራት፦ አዲሱን ያንብቡ፣ አሮጌውን ይርሱት

ጊዜያዊ ምልክቶች በቀለም ይለያሉ። በአሜሪካ ብርቱካናማ ናቸው፤ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ቢጫ መደብ ወይም ቢጫ መስመር ይጠቀማሉ። በጀርመን በመንገዱ ላይ ቢጫ መስመር ከተሰመረ ነጩ መስመር እንደሌለ ይቆጠራል። ቀለሙ ከአገር አገር ቢለያይም መርሁ አንድ ነው፤ ጊዜያዊው ቋሚውን ይሽረዋል።

ይህ በቀን ቀላል ነው። በዝናብ ሌሊት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አሮጌው መስመር ሲፋቅ አስፋልቱም አብሮ ይፋቃል፤ በቦታው ከአካባቢው የተለየ ልሙጥ ወይም የተቦረቦረ ጠባሳ ይቀራል። ጠባሳው ደረቅ ሲሆን ብዙም አይታይም። ሲረጥብና የፊት መብራት በሰያፍ ሲያርፍበት ግን እንደ መስተዋት ያበራል። አዲሱ ቀለም ደግሞ ውኃ ሲሸፍነው ይደበዝዛል። እንግዲህ በዚያች ሌሊት የጠፋው መስመር ደምቆ፣ ያለው መስመር ፈዝዞ ይታይዎታል፤ የደመቀውን የተከተለ ሰው በቀጥታ ረድፉን ወደሚከልለው የኮንክሪት ግድብ ወይም ወደ ጎረቤት ረድፍ ይሄዳል። መፍትሔው ዓይንን ከመሬት ማንሣት ነው። ቀለም ያሳስታል፤ በርሜሎቹ፣ ኮኖቹና የኮንክሪት ግድቦቹ ግን የቆሙት ዛሬ መንገዱ ባለበት ቦታ ነው። በእነርሱ ላይ የተለጠፉት አንጸባራቂዎች የሚሠሩትን ቅስት በሩቁ ይመልከቱና በዚያ ይመሩ።

የፊተኛውን መኪና በጭፍን መከተልም መፍትሔ አይደለም። ከፊትዎ ያለው የግንባታው ገልባጭ መኪና ከሆነ፣ በኮኖቹ መካከል ባለው ክፍተት ወደ ሥራ ቦታው ይገባል፤ ተከትለውት ከገቡ ከኤክስካቫተር ጋር ይፋጠጣሉ።

እኔን የረዳኝ አንድ ልማድ አለ። በቀጠናው ውስጥ እያንዳንዱን ምልክት ድምፄን አውጥቼ አነባለሁ። «ግራው ረድፍ ይዘጋል። ስድሳ። መውጫው ከሁለት መቶ ሜትር በኋላ።» አፍ ሲናገር ልማድ ዝም ይላል።

አምስት፦ ረድፍ ሲዘጋ እንደ ዚፕ ጥርስ ይግቡ

ስለ መግባት ተራ የሚነሣው ጠብ ብዙ ነው። ረድፉ እንደሚዘጋ የሚናገረውን የመጀመሪያ ምልክት አይቶ ወዲያው ወደ ተከፈተው ረድፍ የገባ ሰው፣ እስከ መጨረሻው ሄዶ የሚገባውን እንደ ተራ ነጣቂ ያየዋል። አንዳንዱ መኪናውን በሁለት ረድፍ መካከል አቁሞ መንገድ ይዘጋበታል። በዚህ ጉዳይ ቁርጥ ያለ አቋም አለኝ፤ ትራፊኩ ሲጨናነቅ ሁለቱንም ረድፎች እስከ መዝጊያው ድረስ መጠቀምና እዚያ አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ እየሆኑ መግባት ትክክለኛው መንገድ ነው። በጀርመን ይህ በሕግ የተደነገገ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሰልፉ በሁለት ረድፍ ሲከፈል ርዝመቱ ያጥራል፣ ከኋላ ያለውን ሌላ መውጫ አይዘጋም፣ በሁለቱ ረድፎች መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነትም ይጠባል።

ትራፊኩ ሳይጨናነቅ በፍጥነት የሚፈስ ከሆነ ግን ተቃራኒውን ያድርጉ፤ ክፍተት ሲያገኙ ቀደም ብለው ይግቡ። ረድፉ በአንድ ጊዜ እንደማይቆረጥም ይወቁ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር በሚነዳበት መንገድ ላይ 3.6 ሜትር ስፋት ያለውን ረድፍ ለመዝጋት በአሜሪካው የመንገድ ምልክቶች መመሪያ ቀመር ኮኖቹ በ225 ሜትር ርዝመት ላይ በሰያፍ ይደረደራሉ። ያ ርቀት የተሰጠዎት ፍሬቻ አሳይተው፣ ፍጥነትዎን ከጎረቤት ረድፍ ጋር አስተካክለው፣ አንድ መኪና አሳልፈው እንዲገቡ ነው። የሚገባውን የሚያስገቡት እርስዎ ከሆኑ አንድ መኪና ያስገቡና ይቀጥሉ።

ስድስት፦ በጠባቡ ረድፍ ውስጥ

በግንባታ ወቅት ረድፎች ከ3.6 ሜትር ወደ 3 ሜትር ገደማ ይጠባሉ። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ያለ ስፖኪዮው 2.55 ሜትር ያህል ይሰፋል። ስለዚህ መሐሉን ይዞ ቢሄድ እንኳ በየጎኑ የሚቀረው አንድ ስንዝር ገደማ ነው። ረድፎቹ ሲታጠፉ ደግሞ የተሳቢው የኋላ ጎማዎች ከፊቶቹ ወደ ውስጥ ቆርጠው ይሄዳሉ። ከጎኑ ሆነው አብረው አይታጠፉ፤ ወይ ቀድመው ይለፉት፣ ወይ ከኋላው ይቆዩ። በጀርመን በብዙ የግንባታ ቦታዎች ግራው ረድፍ ከ2 ወይም ከ2.1 ሜትር በላይ ለሚሰፉ ተሽከርካሪዎች የተከለከለ ነው፤ ስፋቱ ስፖኪዮን ይጨምራል። በመኪናው ሊብሬ ላይ የሚጻፈው ስፋት ግን ስፖኪዮውን ስለማይቆጥር ብዙ ሰው ሳያውቅ ይተላለፋል።

በጠባብ ረድፍ ውስጥ የኮንክሪት ግድቡን አይመልከቱ፤ እጅ ዓይንን ይከተላል። ርቀው ወደፊት ይመልከቱ። በሁለት ረድፎች መካከል የአስፋልት ከፍታ ልዩነት ካለና ጎማዎ ወደ ዝቅተኛው ከወረደ፣ መሪውን በኃይል አይመልሱ። ጎማው ጠርዙን ተሻግሮ በድንገት ሲወጣ መኪናውን ወደ ሌላው ረድፍ ይወረውረዋል። እግርዎን አንሥተው ፍጥነቱ ይቀንስ፤ ከዚያ በቀስታ ይመለሱ። ለሞተር ብስክሌት ነጂዎች ይህ ጠርዝ፣ የተቦረቦረው አስፋልትና ጉድጓድ የሚሸፍነው የብረት ሳህን እያንዳንዳቸው የመውደቂያ ምክንያት ናቸው፤ ቀጥ ብለው፣ ሳይጣመሙና ፍሬን ሳይዙ ይሻገሯቸው።

ትራፊኩ ወደ ተቃራኒው መንገድ ተሻግሮ ሁለቱ አቅጣጫዎች ጎን ለጎን ሲሄዱ በመካከላቸው ያለው ኮን ብቻ ሊሆን ይችላል። እዚያ መቅደም ይቅር።

ሰባት፦ ጊዜያዊ መውጫዎችና መግቢያዎች

ጊዜያዊ መውጫ አጭር ነው፤ ኩርባውም ከቀድሞው የጠበበ ይሆናል። በኩርባው ላይ የተጻፈውን ፍጥነት ኩርባው ውስጥ ሳይገቡ ያግኙት፤ በተለይ ከፍ ያለ ጭነት ወይም ፈሳሽ የጫነ መኪና የሚገለበጠው እዚህ ነው። መግቢያው ደግሞ ፍጥነት የሚሰበሰብበት ረድፍ ላይኖረው ይችላል፤ መጨረሻው ላይ «ቁም» የሚል ምልክት ካገኙ በእርግጥ ቆመው፣ ሰፊ ክፍተት ጠብቀው፣ ከዚያ ጠንከር አድርገው ይግቡ። በዋናው መንገድ ላይ ያሉት እርስዎ ከሆኑ ደግሞ ከመግቢያው አጠገብ የቆመ መኪና በዝቅተኛ ፍጥነት እንደሚገባ ጠብቁለት፤ ሌላው ረድፍ ነጻ ከሆነ ይልቀቁለት።

ስምንት፦ ሰዎቹ

ባንዲራ ወይም የ«ቁም» ሰሌዳ የያዘው አስተናባሪ የሚሰጠው ትእዛዝ ከትራፊክ መብራቱ ይበልጣል። ከእርሱ ጋር ዓይን ለዓይን ይገናኙ፤ እንዳዩት ይወቅ። ሌሊት ላይ የሥራ መብራቶቹ ዓይን ያጭበረብራሉ፤ ከብርሃኑ አልፈው ወደ ጨለማው ሲገቡ ለጥቂት ሰከንዶች ምንም አያዩም፤ ሠራተኛው ደግሞ የሚቆመው በዚያው ዳር ነው። የፊት መስተዋትዎን ከውስጥም ከውጭም ያጽዱ፤ ረጅሙን መብራት ያጥፉ። በአሜሪካ በግንባታ ቀጠና አደጋዎች ከሚሞቱት አብዛኞቹ አሽከርካሪዎችና ተሳፋሪዎች ናቸው፤ ፍጥነት መቀነስ ለሠራተኛው የሚደረግ ውለታ ብቻ አድርገው አይዩት።

ዘጠኝ፦ መኪናው ቢበላሽ

የመንገድ ትከሻ በሌለበት ቀጠና የሚቆም መኪና ከባድ ችግር ውስጥ ነው። የሚንቀሳቀስ ከሆነ በተነፈሰ ጎማም ቢሆን ቀስ ብለው ለተበላሹ መኪኖች እስከ ተዘጋጀው የዳር ማቆሚያ ወይም እስከ ቀጠናው መጨረሻ ይድረሱ፤ ቸርኬው ቢበላሽ ይቀየራል። ካልሆነ አራቱንም ፍሬቻ ያብሩ። ከግድቡ ጀርባ በደኅና መሻገር ከተቻለ ሁሉም ሰው ይሻገር፤ ካልተቻለ ቀበቶ እንዳሰሩ ውስጥ ይቆዩና ለአደጋ ጊዜ ስልክ ይደውሉ።

አሥር፦ ግንባታው ሲያልቅ

በርሜሎቹ የተነሡበት ሳምንት ሌላ አደጋ አለው። ለሁለት ዓመት ጊዜያዊውን መንገድ ሲለማመዱ ቆይተዋል፤ አሁን ያም ልማድ ሆኗል። የተጠናቀቀው ማሳለጫም ከመነሻው መልኩ ፈጽሞ ሊለይ ይችላል። ለምሳሌ አንዳንድ ማሳለጫዎች አሁን የሚገነቡት ሁለቱ አቅጣጫዎች በድልድዩ ላይ ጎን ተለዋውጠው እንዲያልፉ ሆነው ነው፤ በቀኝ የሚነዳ ሰው ለጥቂት መቶ ሜትሮች በግራ ይነዳና እንደገና ይመለሳል። በአሜሪካ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2009 በሚዙሪ ግዛት ስፕሪንግፊልድ ከተማ ተከፍቷል። የመስመሮቹ ቅስት ራሱ ወደሚገባው ቦታ ስለሚመራ፣ መስመሩን የሚከተል ሰው አይሳሳትም፤ «ይህ የእኔ ጎን አይደለም» ብሎ መሪ የሚጠመዝዝ ግን ይሳሳታል።

ስለዚህ አዲሱ ማሳለጫ በተከፈተበት የመጀመሪያ ሳምንት ከቤትዎ አሥር ደቂቃ ቀድመው ይነሡ፤ የስልክዎን ካርታ ያድሱ፤ ምልክቶቹን እንደገና ድምፅ አውጥተው ያንብቡ፤ መኪናዎን የሚጋራ የቤተሰብ አባል ካለም መውጫው የት እንደሄደ ማታውኑ ይንገሩት።